እንግዳ አለ

ስህን በሞተች በአሥረኛው ቀን ከወረዳ አንዲት ባለሙያ መጣች። እጇ ላይ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ሳጥን ሳጥን። ደጄ ላይ በርጩማ አወጣሁላት፤ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር። እናቲቱ የዘገየችው የት ነው? ቤት ውስጥ የሚወስን ጠፍቶ ነው? መንገድ ላይ ነው? ወይስ ጤና ጣቢያ ከደረሰች በኋላ? ከሦስቱ አንዱ ላይ ምልክት ልታደርግ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትጠብቀኛለች።

«አፌ ላይ ነው» አልኳት።

«ምን አሉኝ፣ አባቴ?»

«አፌ ላይ ነው የዘገየችው። ለሱ ሳጥን አለሽ?»

ልጅቱ ግራ ገባት። ጨዋ ልጅ ነበረች፤ አልተቆጣችም። ዓይኔን አየት አደረገችና «መንገድ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ሄደች። እኔ ደግሞ እንደዚያ ሆኖ መጻፉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መንገዱ ምን አደረገ? መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ነው። ስለዚህ እኔው ልናገረው፣ የሚሰማ ይስማኝ።

ስሜ ኢስሃቅ ነው። አገሬ አምባሰል፤ ከውጫሌ በላይ፣ አስፋልቱን ለቆ አንድ ሰዓት ከሩብ ሽቅብ በእግር የሚወጣበት ቀበሌ። ሥራዬ እርሻ ነው፤ ግን ሰው የሚያውቀኝ በማሳዬ አይደለም፣ በጉሮሮዬ ነው። የቅሬ ለፋፊ ነኝ። ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነን። ሰው ሲሞት እኔ ከመንደሩ አናት ያለው ድንጋይ ላይ እወጣና «ቅሬ! ቅሬ ውጡ!» እላለሁ፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ አስከትላለሁ። ይህን የሰማ ወንድ ዶማና አካፋውን ይዞ ቀጥ ብሎ መቃብር ይወርዳል፤ ሴቷ ወደ ሟች ቤት ትሄዳለች። እንዴት ሞተ፣ መቼ ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄ ከቀብር በኋላ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ስህን ኡበይድ የሐይቅ ልጅ ናት። አባቷ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የጤና ትምህርት ተምራ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ተብላ ወደኛ ተመደበች። የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጥርሷ ሰፋ ያለ። የሐይቅ ልጅ ሜዳ ነው የለመደችው፤ ፕላስቲክ ጫማ አድርጋ መጥታ በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለታችን ላይ ሦስት ጊዜ ወደቀች። እኛም ቆመን ሳቅንባት። አቧራዋን አራግፋ አብራን ሳቀች።

መጀመሪያ ያዘዘችን ነገር ሽንት ቤት ቆፍሩ ነው። እስቲ ፍረዱኝ! የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ መጥታ፣ የሸበተ ሽማግሌ አስቁማ፣ «ጋሼ፣ የት ነው የሚጸዳዱት?» ስትል። ቤት ለቤት እየዞረች፣ ጥልቀቱን በገመድ እየለካች፣ «አልበቃም፣ ገና ነው፣ ጨምሩ» ስትል «እመት ጉድጓድ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ስም ነበር፤ አገር ያዘው።

እኔ ስምንት ወር እምቢ አልኩ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከጓሮዬ አፈር ሲወረወር አያለሁ። ጠጋ ብል ስህን እስከ ወገቧ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትቆፍራለች። ሚስቴ አጠገቧ ቆማ በእፍረት ነጠላዋን ነክሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

«አንቱ ለቅሬ ሲጮኹ ይደክምዎታል፤ እኔ ልቆፍርልዎት ብዬ ነው፣ ጋሼ ኢስሃቅ።»

ወላሂ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከጉድጓዱ አወጣኋትና የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ያን ያህል ጉድጓድ ለእኔ ቆፍራልኛለች፤ ይኼ ይመዝገብልኝ።

እየቆየ ለመድናት። ልጆቻችንን ከተበች። የኔን የልጅ ልጅ ወባ ሲጥለው ደም ከጣቱ ወስዳ መድኃኒት ሰጥታ አዳነችው። የማታስተምረው ነገር አልነበረም። ለሴቶቹ ግን አንዲት ትምህርት ነበራት፣ እንደ ፋቲሃ በቃላቸው ያስባለቻቸው። «ከወለዳችሁ በኋላ ደም አልቆም ካለ ያላችሁ ሁለት ሰዓት ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ አትጥሩኝ፣ ቅሬ ነው የሚጠራው» ትላቸው ነበር።

በሁለት ሺህ ስምንት ልጄ ሂዳያ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሁለት ቀን አማጠች። ስህን መጥታ አየቻትና «አሁኑኑ ትውረድ፣ ይህ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም» አለች። በምን ትውረድ? ሰው የምንሸከምበት ያለን አንድ ቃሬዛ ነው፤ የቅሬው ቃሬዛ፣ ጀናዛ የሚወጣበት። ሚስቴ ደረቷን መታች። «ልጄ ሳትሞት በሬሳ ቃሬዛ? አዑዙ ቢላህ!» ወንዶቹም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እውነቴን ነው የምናገረው፣ እኔም አፈገፈግሁ። የገዛ ልጄ ቤት ውስጥ ትጮኻለች፣ እኔ ገድ አይደለም ብዬ ቆሜያለሁ።

ስህን ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ቃሬዛው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

«ይኸው ተኛሁበት። ሞትኩ?» አለች። «ሼህ ዘይኑልአቢዲን፣ እስቲ ኢና ሊላሂ ይበሉብኝና ይዩት፣ እሞት እንደሆን!»

ሼሁ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ቀልድ የማይወዱ ሰው። ያን ቀን ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሚስቴም እያለቀሰች ሳቀች። ሂዳያን በዚያው ቃሬዛ አወረድናት። ጤና ጣቢያ እንደደረሰች ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና።

ከዚያ በኋላ ስህን ቅሬውን አልለቀቀችውም። ሁለተኛ ቃሬዛ ከባሕር ዛፍ አሠራችን፤ ለወላድ ብቻ የሚሆን፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ወላድ መሸከም እንደ ቀብር ሁሉ የቅሬ ግዴታ ይሁን ብላ አስወሰነች። ቀጥሎ የጥሪው ነገር መጣ። «እገሊት ምጥ ያዛት ብሎ በአገር ላይ መጮህ ነውር ነው» አሉ ሼሁ። እውነታቸውን ነው። «ቅሬ» እንዳይባል ደግሞ ሰው ዶማ ይዞ መቃብር ይሄዳል።

«እንግዲያው ‹እንግዳ አለ› በሉ» አለች ስህን። «የሚወለድ ልጅ እንግዳ አይደል? ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ሁሉም ወደደው። ‹እንግዳ አለ› የተባለ ለት ወንዱ ባዶ እጁን ወደ ወላዷ ቤት ይሮጣል። ያልወደደው ጉሮሮዬ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ቅሬ ሲል የኖረ አፍ ነዋ! ጎረቤታችን ተሾመች ምጥ የያዛት ለት ድንጋዩ ላይ ወጥቼ «ቅሬ! ቅሬ ው... አይ! እንግዳ! እንግዳ ነው!» አልኩ። ግማሹ ሰው ዶማ ይዞ መጣ፣ ግማሹ ባዶ እጁን። ተሾመች ምጥ ላይ ሆና «ጋሼ ኢስሃቅ፣ ቀድመው ቀበሩኝ?» ብላ ሰደበችኝ። ስንት ቀን ተሳቀብኝ!

ስህን ግን «መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ» አለችኝ። መድኃኒቱ ይህ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የትም ብንገናኝ፣ ማሳ ላይም ይሁን ገበያ፣ ከሰላምታ በፊት «እንግዳ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ «እንግዳ አለ!» ማለት አለብኝ። ካላልኩ አታሳልፈኝም። ሰው እያየን፣ ልጆች እየሳቁብን። ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ዓመት፣ ስምንት ዓመት። «ክኒንዎን ዋጡ?» ትለኛለች መልሳ። ምላሴ ለመደ። በስምንት ዓመት አርባ አንድ እናት በአረንጓዴው ቃሬዛ አወረድን። አንዲት አልሞተችብንም፤ አንዲትም!

በዚሁ መካከል ጦርነቱ መጣ፣ በአሥራ አራቱ ዓመተ ምሕረት። ጤና ኬላው ተዘረፈ። የክትባቱ ማቀዝቀዣ፣ የፀሐይ መብራቱ፣ ማዋለጃ አልጋው፤ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። አረንጓዴው ቃሬዛ የተረፈው እኔ ጓዳ ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህም እኔው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል። አብራት የምትሠራው ልጅ በዚያው ሄደች፣ ምትክ አልመጣም። ስህን ለአምስት ጎጥ ብቻዋን ቀረች። ማቀዝቀዣ ስለሌላት ክትባቱን በየጊዜው ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሳጥን በትከሻዋ ታመጣለች። ማመልከቻ ጻፈች፤ ደግማ ጻፈች። ደከማት። ደክሟት ተቀምጣ ያየኋት ያኔ ነው።

የጦርነቱ ዘመን የእኔንም ጉሮሮ አበላሸ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንግዳ ያልኩት ስድስት ጊዜ ነው፤ ቅሬ ያልኩት ከሠላሳ በላይ። ወባውም፣ ረሃቡም፣ ሌላውም ነበረበት። በጠዋት ሰው ወደ ደጄ ሲሮጥ ካየሁ ገና አፉን ሳይከፍት ማን ሞተ ማለት ለመድኩ።

አሁን ስለ ትዳሯ ልንገራችሁ። ሰዓድ የሚባል የሰፈራችን ገበሬ አግብታ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው። ቤታቸው ከጥሪው ድንጋይ ሥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አልያዘችም። የሰው ልጅ ስትቀበል፣ ስታሳቅፍ፣ ስታስከትብ፣ የራሷ እቅፍ ባዶ ነበር። ሰዓድን ሌላ አግባ ያላለው ዘመድ የለም፤ እሱ ግን «እሷ ትበቃኛለች» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። እሷም አንድ ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ግን የሰው ሕፃን አቅፋ ስትመልስ እጇ ይዘገይ ነበር፤ እሱን አይቻለሁ።

በአሥራ አምስቱ፣ በግንቦት፣ አንድ ጠዋት ከማሳዬ ዳር አገኘችኝ።

«እንግዳ?» አለችኝ።

«እንግዳ አለ!» አልኳት፣ እንደ ልማዴ።

«አዎ፣ አለ» አለችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ እኔ ሽማግሌው ማሳ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ ቆማ ትስቅብኛለች። «ለማንም እንዳይነግሩ፤ የሚነግሩ ከሆነ ደግሞ ቃሉን እንዳይሳሳቱ» አለችኝ። አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ አልኳት። ይህንን ነው ያልኳት።

ለሌሎች ሴቶች ስምንተኛ ወር ሲገባ ጤና ጣቢያው ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ ውረዱ የምትለው እሷ ናት። የራሷ ስምንተኛ ወር ሲገባ ፈቃድ ጠየቀች። ተተኪ እስኪመጣ ታገሺ ተባለች፤ የክትባት ዘመቻ ነበር። ታገሠች። የደም ማቆሚያው ክኒንም ከሦስት ወር ወዲህ አልመጣም። እጇ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ማሸጊያ ያን ሰሞን ለተሾመች ሰጥታት ነበር፤ ተሾመች አራተኛ ልጇን ቤቷ ወልዳ ደም ስለበዛባት። «ለራስሽ አታስቀምጪም?» ብላ ተሾመች ብትጠይቃት «የኔ ገና ነው፣ ወር ቀርቶኛል» አለቻት።

ኅዳር ነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት አለፍ ብሏል። ጤፍ የሚታጨድበት ጊዜ፤ ወንዱ ሁሉ በየማሳው ተበትኗል። እኔ ወገቤን አሞኝ ቤት ቀርቼ ማጭድ እስላለሁ። ሰዓድ በጓሮ በኩል ሲሮጥ መጣ። ቆብ የለውም፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው። እጁ ላይ ደም አለ። አጥሩን ይዞ ቆመና አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣ አለው።

«ስህን!» አለ በመጨረሻ። «ጋሼ ኢስሃቅ፣ ስህን! ይጥሩልኝ! ይጥሩልኝ!»

ይህን ብሎ ወደ ማዶው ጉብታ ሮጠ፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው፣ አምቡላንስ ሊጠራ። እኔ ግን ለምን እንደሮጠ አላሰብኩም። ደም አየሁ፣ የሰውዬውን ፊት አየሁ። ይጥሩልኝ አለኝ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅሁም! ከአፉ አንዲት ቃል ባወጣ፣ ወይ እኔ አንዲት ቃል ብጠይቀው! ወሯ ገና ነበረ፤ ምጥ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ስህን ሞተች ብሎ ልቤ ቆረጠ። ድንጋዩ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

«ቅሬ! ቅሬ ውጡ! የኡበይድ ልጅ ስህን! ቅሬ!»

ሦስት ጊዜ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄ እንደዚያን ቀን ጠርቶልኝ አያውቅም። በየማሳው ወንዱ ማጭዱን ሲጥል አየሁ። ኡኡታው ከጎጥ ጎጥ ተቀባበለ። እኔም እያለቀስኩ ዶማዬን ይዤ መቃብር ወረድኩ። መቃብራችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከስህን ቤት ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አጠገቧ የነበረችው ተሾመች ናት የነገረችኝ። ስህን ቀኗ ሳይደርስ ድንገት ምጥ ይዟት ቤቷ ወልዳለች። ሴት ልጅ፣ ትንሽዬ፣ ግን የምትጮህ። የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደሙም አልቆመም። ስህን ራሷ እያዘዘች፣ ሆዴን እሺ፣ እግሬን ከፍ አድርጊ እያለች፣ ሰዓቷን እየተመለከተች ወንዶቹን ትጠብቃለች። የኔ ጥሪ የመጣው ያኔ ነው። ከነአባቷ ስም።

መጀመሪያ ሳቀች አለችኝ ተሾመች። «ጋሼ ኢስሃቅ ዛሬ ክኒናቸውን አልዋጡም» ብላ። ከዚያ ሳቋን አቆመች። ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

«ተሾመች፣ ወንዶቹ መቃብር ሄዱ ማለት ነው እኮ» አለች። «ሩጪ።»

የመጀመሪያዋ ሴት እየጮኸች ስትገባ ተሾመች ልጅቱን አስታቅፋት ሮጠች፤ የወለደች ሳምንቷ የሆነ ሴት። ሰዓድ አምቡላንስ ጠርቶ ሲመለስ ቤቱ በሴት ተሞልቷል፤ ወንድ የለም። ሴቶቹ እኛው እንሸከማታለን ብለው ወደ ቤቴ ሄዱ። ጓዳው ተቆልፏል። ቁልፉ መቃብር ነው፣ እኔ ኪስ ውስጥ።

እኛ እንቆፍራለን። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቦታውን ለክተው ሰጡን፤ ከሾላው ሥር። እየተቀባበልን ቆፍረን እስከ ጉልበት ደርሰናል። ሁሉም ያለቅሳል። አንዱ «እመት ጉድጓድ...» አለና መጨረስ አቃተው። ያን ጊዜ ተሾመች ከላይ ብቅ አለች፣ ሻሿ ወድቆ።

«ምን ታደርጋላችሁ? ሰው በቁሟ ትቀብራላችሁ? አለች እኮ! በሕይወት አለች! እንግዳ ነው! እግዚኦ፣ እንግዳ ነው!»

ዶማው ከእጄ ወደቀ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ አየኝ። የሚቆጣኝ እንኳን አልነበረም፤ ጊዜ አልነበረማ። ሮጥን። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ያን ዳገት ከልጆቹ እኩል ሮጥሁት፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ያለው።

ቃሬዛውን ይዘን ስንገባ ፊቷ ነጥቷል። ከንፈሯ ደርቋል። ከሁሉ መካከል እኔን ፈልጋ አየችኝ።

«እንግዳ?» አለችኝ።

መልሱን ታውቃላችሁ። ስምንት ዓመት የመለስኩላት መልስ ነው። ያን ሰዓት ጉሮሮዬ ተዘጋ። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣኝም። ቆይታ ዓይኗን ከኔ ላይ አነሳች።

ቁልቁል ወረድን። ሕፃኗን ተሾመች ደረቷ ላይ ሥጋ ለሥጋ ለጥፋ ይዛታለች፤ ስህን ያስተማረቻት ነው። በመንገድ ላይ ስህን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አራት» አልኳት። አምስት ከሩብ ነበር።

«ጥላው አምስት አልፏል ይላል፣ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰዓት አልጠየቀችም። ልጅቱን ነጅዋ በሏት አለች ለሰዓድ። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው። ያኔ ነው የእኔ ጉሮሮ የተከፈተው። እንግዳ አለ፣ ልጄ፣ እንግዳ አለ፣ እንግዳ አለ እያልኩ ከቃሬዛው ጎን ጎን ሮጥኩ። ሰማችኝ ይሆን? ማን ያውቃል። አስፋልቱ ዳር አምቡላንሱ ቆሞ ይታየናል። ስንደርስ ነርሷ አንገቷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ጓንቷን አወለቀች።

«ደሙ የጀመራት ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሦስት ሰዓት» አለ ሰዓድ።

አሁን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። እኔ በትክክል ብጠራ ኖሮ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አምቡላንሱ ውስጥ ነበረች። ሁለት ሰዓቷ አላለቀባትም ነበር። ይህን ሒሳብ በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ አንድም ቀን ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

ነጅዋን ተሾመች ይዛት በአምቡላንሱ ሄደች። ልጅቱ ዳነች። ሂዳያ ያን ጊዜ አራስ ነበረችና ከልጇ ጋር አጠባቻት፤ ስለዚህ በጡት የልጅ ልጄ ሆነች። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ደጄ ድረስ መጥታ «አባባ» ትለኛለች፤ ያን ጊዜ ልቤ እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ቅሬውን ለቅቄአለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰዓድ ነው እምቢ ያለው። «እሷ ያስተማረችው አፍ ያንተ ብቻ ነው» አለኝ። አንተ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። አልከፋኝም። እንግዳ ያለ ለት አሁንም እኔ ነኝ የምጠራው፤ ከመጥራቴ በፊት ግን የመጣውን ሰው ሁለት ጊዜ አስደግመዋለሁ።

ወደዚያች ቀን ልመለስና ልጨርስ። ስህንን ይዘን ልንመለስ ስንል ልጆቹ አረንጓዴውን ቃሬዛ አነሱ። እኔ አስቆምኳቸው። «በዚህ ጀናዛ ከወጣ ከእንግዲህ የትኛዋ ሴት ትተኛበታለች? ስህን ብታይ ምን ትለን ነበር?» አልኩ። እውነት ነው አሉ። ሁለት ሰው ወጥቶ አሮጌውን ቃሬዛ እስኪያመጣ መንገድ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። በዚያው ተኝታ ሞትኩ ወይ ብላ ባሳቀችበት ቃሬዛ ተሸክመን አወጣናት። አረንጓዴውን ባዶውን ሌላ ሰው ይዞት ወጣ።

ታጥባ፣ ተከፍና፣ ስንደርስ ጉድጓዱ እንደተውነው ነው። እስከ ጉልበት። ዶማዬ ከወደቀበት አልተነሳም። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሌላ ቦታ ልለካ ወይ ብለው ሰዓድን ጠየቁት። ሰዓድ ጠጋ ብሎ ጉድጓዱን አየው።

«ይኸው ተጀምሯል» አለ።

እኔ ገባሁበት። ልጆቹ ሊያወጡኝ ያዙኝ፤ ልቀቁኝ አልኳቸው። እሷ ለእኔ እስከ ወገቧ ገብታ ቆፍራልኛለች፤ የቀረውን እኔ ልጨርስ አልኩ። ቆፈርኩ። በመጨረሻ እጄ አልታዘዝ ሲል ጎትተው አወጡኝ።

ሶላቱ ሊሰገድ ሼሁ ዞር አሉና እንደ ልማዳቸው፣ ሳያስቡት፣ «ኢስሃቅ፣ እንግዲህ ቅሬ ጥራ፤ ሰው ይሰብሰብ» አሉኝ። ወዲያው ያሉት ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ። እኔ ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት። ሰው በሰው ሆኗል። ከአምስቱም ጎጥ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከሐይቅ የመጡ ዘመዶቿም ደርሰዋል። የጠዋቱን ሰምተው ነው የመጡት። አንድም ቤት የቀረ ሰው የለም።

ለስህን ከሞተች በኋላ ቅሬ አልተጠራላትም። ቀድሜ ጠርቼላት ነበር።